ሰማይ የማያራዝመው ቀጠሮ፦ የ2029 የአፖፊስ መምጣትና የዓለም የጠፈር ድርጅቶች ዝግጅት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የተሰጠኝ ርዕስ የዓለም የጠፈር ድርጅቶች ለሚቀጥሉት ዓመታት ያቀዷቸው ተልእኮዎች የሚል ነው። ርዕሱ እጅግ ሰፊ ነው። ወደ ጨረቃ፣ ወደ ማርስ፣ ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች የሚሄዱትን መንኩራኩሮች በየስማቸው ብዘረዝርላችሁ ምሽቱ ያልቃል፤ ከአዳራሹ ስትወጡም የሚቀርላችሁ የስምና የቁጥር ክምር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሌላ መንገድ መርጫለሁ። አንድ ቀን እወስድና በዚያ ቀን ዙሪያ የተሰባሰቡትን ተልእኮዎች አሳያችኋለሁ። ቀኑን የመረጠው ግን የትኛውም ድርጅት አይደለም።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2029 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ይሆናል፤ ከትንሣኤ በዓል ቀጥሎ የሚውለው ዓርብ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ይታወቅልኝ። በዚያ ዕለት አፖፊስ የተባለ፣ አማካይ ስፋቱ 340 ሜትር ገደማ የሆነ ዐለት ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ጨረቃ ከእኛ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚያስተላልፉልን ሳተላይቶች እንኳ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ዐለቱ እንግዲህ ከእነርሱ ምሕዋር በታች ዘልቆ ያልፋል ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ የሚኖሩ ሰዎች ያለ ምንም መሣሪያ፣ በዐይናቸው ብቻ፣ እንደምትጓዝ ኮከብ ሊያዩት ይችላሉ። ይህን ያህል ግዙፍ የሆነ አካል ይህን ያህል ተጠግቶ የሚያልፈው በሺህ ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ፤ አፖፊስ መሬትን አይመታም። በ2029 አይመታም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቢያንስ መቶ ዓመታትም አይመታም። ይህ የማጽናኛ ቃል ሳይሆን የልኬት ውጤት ነው። ልኬቱ እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ለዛሬው ጉዳያችን ስለሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት።

ቁጥሩ ለምን ከፍ ብሎ ወረደ?

አፖፊስ የተገኘው በጁን 2004 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ከሚገኘው የኪት ፒክ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የተደረገው ስሌት በ2029 መሬትን የመምታት ዕድሉ 2.7 በመቶ፣ ማለትም ከ37 አንድ ያህል እንደሆነ አሳየ። ከዚያ በፊት ለሌላ አስትሮይድ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። ወዲያው ግን ከመገኘቱ ወራት ቀደም ብሎ ሳይታወቅ የተነሣባቸው ምስሎች ከማኅደር ተፈልገው ተገኙ። መንገዱ ጠርቶ ታወቀ፤ የ2029ም ሥጋት ተወገደ። የ2036 ሥጋት በ2013 ተሰረዘ። በመጨረሻም በማርች 2021 በራዳር በተደረገ ልኬት ቀጣዩ መቶ ዓመት ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ሥጋቱ ሐሰት ከነበረ ቁጥሩ በመጀመሪያ ለምን ከፍ አለ? አንድ በሬ ጠፋ እንበል። ከአርባ ማሳዎች በአንዱ ውስጥ እንዳለ ታውቋል፤ ከማሳዎቹ አንዱ የእናንተ ነው። በእናንተ ማሳ የመገኘት ዕድሉ ከአርባ አንድ ነው። ፈላጊዎቹ ሃያውን ማሳ አዳርሰው አጡት። አሁን ዕድሉ ከሃያ አንድ ሆነ። በሬው ግን አንድ እርምጃ እንኳ ወደ እናንተ አልቀረበም፤ የጠበበው የማናውቀው ቦታ ነው። ፍለጋው ሲቀጥል በሬው ከጎረቤት ማሳ ተገኘና የእናንተ ዕድል በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ። የአስትሮይዶች ዜና በአብዛኛው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥር ሲጨምር ሰዎች ሥራ ላይ መሆናቸውን እንጂ አደጋ መቅረቡን አያመለክትም።

የሰው ቀጠሮና የሰማይ ቀጠሮ

የጠፈር ተልእኮ ቀን በሁለት መንገድ ይቆረጣል። አንደኛው ሰው የሚቆርጠው ነው። ሰዎችን ዳግም ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ አሜሪካም ቻይናም ዕቅድ ይዘዋል፤ ቻይና ይህን እስከ 2030 እፈጽማለሁ ብላለች። ቀናቱ ቢገፉ ክብርና ገንዘብ ይጎዳ ይሆናል፤ ጨረቃ ግን በቦታዋ ትጠብቃለች። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለችውን የማርስ ተሽከርካሪ በ2018 ለመላክ አቅዶ ነበር። ወደ 2020፣ ቀጥሎም ወደ 2022 ተገፋች። ከሩሲያ ጋር የነበረው ትብብር በ2022 ሲቋረጥ ደግሞ ወደ 2028 ተላለፈች። አሳዛኝ ነው፤ ነገር ግን ወደ ማርስ የሚወስደው አመቺ ጊዜ በየ26 ወሩ ገደማ ስለሚመለስ ሁልጊዜ ሌላ ዕድል አለ።

ሁለተኛው ሰማይ የሚቆርጠው ቀጠሮ ነው። አፖፊስ በጀት እስኪጸድቅ አይቆምም፤ ፓርላማ እስኪሰበሰብ አይዘገይም። የዘገየ ተልእኮ ያመለጠ ተልእኮ ነው፤ ተተኪ ቀንም የለውም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ከእነዚህ ዐለቶች ጋር ባለን ጉዳይ ዋናው ሀብታችን ሮኬት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ የሚገኘው አስቀድሞ በማየትና አስቀድሞ በመወሰን ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ወደ አፖፊስ የሚሄዱት

የመጀመሪያዋ ተጓዥ ራምሴስ ትባላለች፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት መንኩራኩር ናት። ዕቅዱ በኤፕሪል 2028 ተወንጭፋ በፌብሩዋሪ 2029 እንድትደርስ ነው። ዐለቱን ወደ መሬት ከመቅረቡ በፊት አግኝታው፣ አብራው ተጉዛ፣ ባለፈበት ቅጽበትና ካለፈ በኋላ ያለውን ሁኔታ ትመዘግባለች። የዝግጅት ሥራው በ2024 ተጀመረ፤ የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች ሙሉውን ተልእኮ የፈቀዱት ግን በኖቬምበር 2025 ነው። ከፈቃዱ እስከ ማስወንጨፊያው ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። በዘርፉ ከአሥር ዓመት በላይ የሚፈጁ ተልእኮዎች የተለመዱ ናቸውና ይህ እጅግ አጭር ነው። ሊቻል የሚችለውም የመንኩራኩሯ ንድፍ ሄራ ከተባለች ቀዳሚ መንኩራኩር ስለተወሰደ ነው። የጃፓን የጠፈር ድርጅትም በፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችና ሙቀትን በሚያይ ካሜራ ይተባበራል።

ሁለተኛዋ የአሜሪካ ናት። ኦሳይረስ ሬክስ የተባለችው መንኩራኩር ቤኑ ከተባለ አስትሮይድ 121.6 ግራም አፈርና ጠጠር ይዛ በሴፕቴምበር 2023 በዩታ በረሃ ላይ መጣሏን ታስታውሱ ይሆናል። ጥቅሉን ጥላ እርሷ ጉዞዋን ቀጠለች፤ ስሟም ኦሳይረስ አፔክስ ተባለ። አፖፊስ መሬትን ካለፈ በኋላ ደርሳ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ታጠናዋለች። ወደ ገጹ ተጠግታም በሞተሯ ግፊት አፈሩን በመበተን ከሥሩ ያለውን ለማየት ታቅዷል። መንኩራኩሯ በሰማይ ላይ፣ ነዳጅ በጋኗ፣ መንገዷም ተቀይሶ እያለ በ2025 የቀረበው የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ሐሳብ እንዲቋረጡ ከጠቆማቸው ተልእኮዎች አንዷ እርሷ ነበረች። ምክር ቤቶቹ በኋላ ሐሳቡን አልተከተሉትም። ነገሩን የማነሳው የሌላ አገር በጀት ላይ ለመፍረድ አይደለም። በሰማይ ላይ ያለ ቀጠሮ ምድር ላይ በአንድ የሠንጠረዥ ረድፍ ሊሰረዝ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ምን ለማወቅ?

የማይመታን ዐለት ለማየት ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ነው። መልሱን ከቤኑ ልጀምር። በኦክቶበር 2020 መንኩራኩሯ የቤኑን ገጽ ለአፍታ ስትነካ መሐንዲሶቹ ጠንካራ መሬት ይጠብቁ ነበር። ገጹ ግን ምንም ያህል አልተቃወማትም፤ ወደ ኋላ የሚያስወነጭፋት ሞተር ባይነሣ ኖሮ ወደ ውስጥ ትሰምጥ ነበር። ከሩቅ ዐለት የሚመስለው አካል በደካማ ስበት የተያዘ የድንጋይና የጠጠር ክምር ነበር። እንግዲህ አንድ ቀን እንዲህ ያለ አካል ወደ እኛ ቢመጣና መግፋት ቢያስፈልገን የምንገፋው ድፍን ዐለት ነው ወይስ የጠጠር ክምር? ሁለቱ ለአንድ ዓይነት ግፊት የሚሰጡት ምላሽ አንድ አይደለም።

በ2029 የሚሆነው ተፈጥሮ ራሷ የምታካሂደው ሙከራ ነው። ጨረቃ ባሕርን ስባ ማዕበል እንደምታስነሣ ሁሉ መሬትም አፖፊስን ስትስበው ለእርሷ የቀረበው ጎኑ ከራቀው ጎኑ ይልቅ በኃይል ይሳባል። አሽከርክሪቱ ይለወጣል፤ በገጹ ላይ ድንጋይ ሊንሸራተት፣ አካሉም ሊናወጥ ይችላል። ሐኪም ሆድን ጫን ብሎ ውስጡን እንደሚመረምር፣ መሬት ስትጫነው ከቅርብ ሆኖ ላየ ሰው ውስጡ ይገለጣል። ምሕዋሩም አይተርፍም፤ አሁን ፀሐይን ለመዞር ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ የሚወስድበት ዐለት ከዚያ ቀን በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ዐለትን መግፋት

ግፊቱ በተግባር አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ዳርት የተባለችው የናሳ መንኩራኩር በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፈች ዲሞርፎስ ከተባለ፣ 160 ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ዐለት ጋር ሆን ብላ ተጋጨች። ዲሞርፎስ ዲዲሞስ የተባለ ታላቅ ዐለት የሚዞር ታናሽ ጓደኛ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይወስድበት የነበረው ከግጭቱ በኋላ በግማሽ ሰዓት ያህል አጠረ። የሰው ልጅ የአንድን ሰማያዊ አካል መንገድ ሆን ብሎ ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ከመንኩራኩሯ ብቻ አይደለም። በግጭቱ የተበተነው ፍርስራሽ ወደ ኋላ ሲወረወር ዐለቱን ወደ ፊት ገፍቶታል፤ ይህ ተጨማሪ ግፊት ከመንኩራኩሯ የራሷ ግፊት በለጠ። በሌላ ዐለት ላይ ይህ ተጨማሪ ኃይል ምን ያህል እንደሚሆን ለማወቅ የዲሞርፎስን ክብደትና የጠባሳውን መልክ መለካት ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት በኦክቶበር 2024 የተነሣችው የአውሮፓዋ ሄራ በ2026 መጨረሻ ላይ ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። ቻይናም የራሷን የግጭት ሙከራ ለማድረግ ማቀዷን አስታውቃለች። በሜይ 2025 የላከቻት ቲያንዌን 2 ደግሞ ካሞዋሌዋ ከተባለ ትንሽ አስትሮይድ ናሙና ለማምጣት እየተጓዘች ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም በ2028 መንኩራኩር ልካ ሰባት አስትሮይዶችን ለማየት አቅዳለች። መስኩ የሁለትና የሦስት አገሮች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ግፊት የሚሠራው ግን ጊዜ ካለ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት የተሰጠ እጅግ ትንሽ ግፊት በዓመታቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ዐለቱን ከመሬት ያርቀዋል። ወራት ብቻ ሲቀሩ ግን ያ ግፊት ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ማየት ነው። ስፋታቸው ከ140 ሜትር በላይ ሆኖ ወደ መሬት ምሕዋር የሚቀርቡ 25,000 ያህል አስትሮይዶች እንዳሉ ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ገና አልተገኙም። ብዙዎቹ እንደ ከሰል የጠቆሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከፀሐይ በኩል ስለሚመጡ በሌሊት አይታዩም። በፌብሩዋሪ 2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ የፈነዳው 20 ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው አካል ከፀሐይ አቅጣጫ መጥቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ደረሰ። ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በተሰባበረ መስታወት፣ ተጎዱ።

ለዚህ የታሰበችው ኒኦ ሰርቬየር የተባለች የናሳ ቴሌስኮፕ ናት፤ በ2027 ለመወንጨፍ በዝግጅት ላይ ናት። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ርቃ ትቆማለች። የምትፈልገውም የተንጸባረቀ ብርሃን ሳይሆን ዐለቶቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ሙቀት ነው። ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ይደብቅ እንጂ ሙቀቱን አይደብቅም፤ ፀሐይ የዋለበትን ድንጋይ በምሽት በእጁ የዳሰሰ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንደ እኔ አመለካከት ዛሬ ከጠቀስኳቸው ተልእኮዎች ሁሉ አስፈላጊዋ ይህች ናት፤ የሌሎቹ ዕውቀት ጥቅም ላይ የሚውለው አስቀድሞ የተገኘ ዐለት ሲኖር ነውና።

እኛስ?

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ነው የሚል ካለ አንድ የቅርብ ነገር ላስታውስ። በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ላይ 2024 ዋይ አር 4 የተባለ፣ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ተገኘ። በፌብሩዋሪ 2025 በ2032 መሬትን የመምታት ዕድሉ 3.1 በመቶ ደረሰ፤ የአፖፊስን ቁጥር አለፈ። እንደ በሬው ፍለጋ፣ ቀናት ሳይቆጠሩ ወርዶ ሥጋቱ ተወገደ። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት፣ ቢመታ ኖሮ ሊያርፍ የሚችልበት መስመር በካርታ ላይ ተሰምሮ ነበር። መስመሩ ከምሥራቅ ፓስፊክ ተነሥቶ በሰሜናዊው የደቡብ አሜሪካ ክፍል፣ በአትላንቲክና በአፍሪካ በኩል አልፎ ደቡብ እስያ ይደርሳል። በመገናኛ ብዙኃን በስም ከተጠቀሱት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ነበረች።

እዚህ ላይ ሳይንሱ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ይነሣል። ዐለትን ስትገፉ የመውደቂያ ነጥቡ በዚያ መስመር ላይ ይንቀሳቀሳል። ግፊቱ በግማሽ ቢቀር ከአንዱ አገር የተነሣው አደጋ በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን ማን ይወስናል? በተባበሩት መንግሥታት ምክረ ሐሳብ መሠረት በ2014 ሁለት ዓለም አቀፍ አካላት ሥራ ጀምረዋል፤ አንደኛው የአስትሮይድ ማስጠንቀቂያ መረብ፣ ሁለተኛው የጠፈር ድርጅቶች የሚመካከሩበት መድረክ ነው። ጠቅላላ ጉባኤውም 2029ን የአስትሮይድ ግንዛቤና የፕላኔት ጥበቃ ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሰይሟል። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰማው ድምፅ ስሌቱን ማንበብ የሚችል፣ የራሱን ልኬት ይዞ የሚቀርብ አገር ድምፅ ነው። መስመሩ በላያችን ሲያልፍ ስለ መስመሩ የምንሰማው ከሌላ አፍ ብቻ መሆን የለበትም።

መሠረት የለንም ማለት አይቻልም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን በዲሴምበር 2019 ከቻይና ተወንጭፋለች። የአፍሪካ የጠፈር ድርጅትም በ2025 በካይሮ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ትልልቅ ቴሌስኮፖች አዲስ አስትሮይድ ሲያገኙ ቦታውን በተከታታይ ሌሊቶች የሚለኩ፣ የብርሃኑን መለዋወጥ የሚመዘግቡ መካከለኛ ቴሌስኮፖች በየኬንትሮሱ ያስፈልጋሉ። እኛ ከምድር ወገብ አጠገብ ስላለን የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። ዛሬ እዚህ የተቀመጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ልኬት ለመማር የሚያስፈልጋቸው ጊዜ እስከ 2029 በቂ ነው፤ በቂ የሚሆነው ግን አሁን ከተጀመረ ብቻ ነው።

ሌላም ድርሻ አለብን፤ እርሱ ቴሌስኮፕ እንኳ አይፈልግም። በትንሣኤ ሳምንት፣ በዓርብ ምሽት፣ የምትራመድ ኮከብ በሰማይ ላይ ትታያለች ሲባል ምን ዓይነት ወሬ እንደሚነሣ መገመት አያስቸግርም። ስሙ ራሱ የተወሰደው ጥንታዊ ግብፃውያን የጨለማና የጥፋት እባብ ካሉት ፍጡር ነው። በዚያ ሳምንት ፍጻሜ ደረሰ ብሎ ሰውን የሚያስጨንቅ፣ ከጭንቀቱም የሚያተርፍ አይጠፋም። ወሬው ከመነሣቱ በፊት በየትምህርት ቤቱ፣ በየሬዲዮ ጣቢያውና በየቤተሰቡ እውነቱን በቋንቋችን መናገር የተማረ ሰው ግዴታ ነው። የማታውቁት ብርሃን ያስፈራል፤ ስሙን፣ መንገዱንና ርቀቱን የምታውቁት ብርሃን ግን ልጆቻችሁን ቀስቅሳችሁ የምታሳዩት ይሆናል።

ሚያዝያ የበልግ ወር ነውና ደመና ሊጋርደን ይችላል። ያ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ እመልሳለሁ።